ያረጀውና የተተወው

ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመጀመሪያ የሚናገረው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «አርጅቷል፤ ይጠገናል ወይስ ልጣለው?» አዲስ አበባ፣ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የምንሠራ ብዙ ጠጋኞች አለን፤ ሁላችንም ይህን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ እንሰማለን። ብዙዎቻችን መልሱን የምንሰጠው በብር ነው፤ ባትሪው ይህን ያህል፣ ስክሪኑ ይህን ያህል። እኔ ግን ወደዚህ ሙያ የገባሁት ከቅኔ ቤት ነው። ጎጃም ውስጥ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ የተማርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ማርጀት ምንድን ነው፣ የሚያረጅን ነገርስ ማቆየት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከእጄ ሥራ ጋር አብሮኝ ይውላል። ከብዙ ዓመት በኋላ የማምንበት መልስ አግኝቻለሁ፤ ላስረዳ የምፈልገውም እሱን ነው።

በመጀመሪያ ስልክ በእርግጥ እንዴት እንደሚያረጅ ልናገር፤ ነገሩን ሳያዩ መፈላሰፍ ከንቱ ድካም ነውና። ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። ዛሬ በየስማርት ስልኩ ውስጥ ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ነው፤ መሠረቱን የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። በውስጡ ሁለት ወገን አለ፤ በአንዱ በኩል ግራፋይት፣ በሌላው በኩል ብዙውን ጊዜ ኮባልት ያለበት ኦክሳይድ። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም ቅንጣቶች ወደ ግራፋይቱ ይሻገራሉ፤ ስንጠቀም ይመለሳሉ። በሁለት ጋጣ መካከል የሚመላለስ መንጋ አስቡ፤ በተሻገረ ቁጥር ጥቂት በጎች በእሾህ አጥሩ ተይዘው ይቀራሉ። አጥሩ በግራፋይቱ ገጽ ላይ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። ያ ሽፋን ባይኖር ባትሪው ገና ከጅምሩ ይበላሽ ነበር፤ ነገር ግን እየወፈረ በሄደ መጠን ሊቲየሙን እየያዘ ያስቀራል። ባትሪውን የሚጠብቀው ነገር ራሱ ቀስ በቀስ ያስረጀዋል ማለት ነው። ይህን የተረዳሁ ቀን ሥራዬን አቁሜ ብዙ አሰብሁ፤ ሕይወትን የሚያቆየውና የሚያሳጥረው አንድ ነገር የሚሆንበት ሥርዓት በሥጋችንም አለና።

አምራቾቹ ይህን አይደብቁትም። አፕል እስከ አይፎን 14 ባሉት ስልኮቹ ውስጥ ያለው ባትሪ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ እንደተሠራ፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ደግሞ ቁጥሩ 1,000 እንደደረሰ ጽፎ አስታውቋል። ሙቀት ነገሩን ያፋጥነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ብርዷ ለባትሪ ደግ ነው፤ ከሰመራና ከጋምቤላ የሚመጡልኝ ስልኮች ግን ባትሪያቸው ቶሎ ያብጣል። የሚያሳብጠው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ኬሚካል ሲበላሽ የሚፈጥረው ጋዝ ነው፤ ጀርባውን ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ስክሪኑንም ከቦታው ያነሣዋል።

ስክሪኑም የራሱ እርጅና አለው። ኦሌድ የሚባለው ዓይነት የሚያበራው በኦርጋኒክ ውሕዶች ነው፤ ከቀዩ፣ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው ነጥብ ሰማያዊው ቀድሞ ይደክማል። በአንድ ቦታ ላይ ለብዙ ጊዜ የቆመ ምስልም ጥላውን ትቶ ያልፋል። ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቼ ስመለከት ባለቤቱ ዓይኑን ያሳደረበትን አያለሁ፤ ሹፌር ከሆነ የካርታው ጠርዝ፣ ቴሌግራም ላይ የሚውል ልጅ ከሆነ የኪቦርዱ ፊደላት ደብዝዘው ተቀርጸዋል። የቻርጀር መሰኪያውን በቀጭን መርፌ ስጠርግ የጋቢ ጥጥና የኪስ ብናኝ ይወጣል። የእናቶች ስልክ ድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎች በጤፍ ዱቄትና በበርበሬ ተደፍነው ይመጣሉ። ፎቶና ጽሑፍ የሚቀመጥበት ሚሞሪ እንኳ በተጻፈበትና በተሰረዘ ቁጥር፣ ኤሌክትሪኩን አግዶ የሚይዘው ስስ ግድግዳ ጥቂት ጥቂት ይጎዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አይቼ አላውቅም። የሰው እጅ የነካው ነገር የሰውን ኑሮ ምልክት ይይዛል፤ ያገለገለ ነገር ያገለገለ ይመስላል።

ቅኔ ቤት ሳለን የኔታ ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩን፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተሠራ፣ ነፍስ ደግሞ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት እንደ ሆነች ይነግሩን ነበር። ከዚያ ትምህርት ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው፤ በጠባያቸው የማይስማሙ ነገሮች በአንድ አካል ጸንተው የሚኖሩት ያዋሐዳቸው እስከፈቀደ ድረስ ነው። መዋሐድ ካለ መለያየት አለ። ስልክን ከፍቶ ላየ ሰው ይህ ትምህርት ሩቅ አይደለም። መስታወት፣ አልሙኒየም፣ መዳብ፣ ጥቂት ወርቅ፣ በዓለም ከሚወጣው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከኮንጎ ምድር የሚገኘው ኮባልት፣ እንዲሁም በአገራችን ጉጂ ቀንጢቻ የሚገኘው ታንታለም፤ በዚህ በመጨረሻው ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚይዙ ጥቃቅን ክፍሎች ይሠሩበታል። ከብዙ ምድር ሆድ የወጣ አፈር በሰው ጥበብ ተገጣጥሞ ድምፅ ያሰማል፣ ምስል ያሳያል። ሊፈታ ግድ ነው። በመፈታቱ የሚያዝን ሰው ካለ የሚያዝነው በፍጡርነት ነው፤ በፍጡርነት ማዘን ደግሞ ከልክ ካለፈ ምስጋና ቢስነት ይሆናል።

አንዳንድ ደንበኞቼ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። ፎቶው፣ መልእክቱ፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ ወደ አዲሱ ስልክ ሲተላለፍ አይተው «ነፍሱ ተሻገረች» ይላሉ። ይህን አልቀበልም። የተሻገረው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ይኖራል፣ ይባዛል፣ ይሰረዛል። ነፍስ አትባዛም። ስልክን ከሰው ጋር ማነጻጸር የሚጠቅመን በሥጋው ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሰውን ማሳነስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከላይ የተናገርሁት እርጅና ሁሉ ቢሰበሰብ፣ በሱቄ ከማየው፣ ሰዎች ስልካቸውን ከሚጥሉበት ምክንያት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ባትሪ ይቀየራል፤ ስክሪን ይቀየራል፤ መሰኪያ ተነቅሎ በአዲስ ይበየዳል። በእጄ ላይ ጤነኛ ሆኖ፣ ባትሪው አዲስ፣ ስክሪኑ ንጹሕ፣ ድምፁ የጠራ ስልክ ይዤ፣ ባለቤቱን «ይህ ስልክ ከእንግዲህ አይሆንህም» ያልሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። የባንኩ አፕ አልከፈትም ይላል። ከፕሌይስቶር የሚወርደው ሁሉ «ይህ መሣሪያ አይደገፍም» ይላል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአንድሮይድ 4.4 ላይ መሥራት አቁሟል፤ ያ አንድሮይድ የወጣው በ2013 ነበር። ስልኩ አንድም ነገር ሳይጎድልበት በዚያች ቀን ከዘመድ ተለየ። ይህ እርጅና አይደለም። ይህ መተው ነው።

ልዩነቱን አጥብቄ የምናገረው ሁለቱ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስለሚመስሉ ነው። ሁለቱም ስልኮች እንደ ቀድሞው አያገለግሉም፤ ሁለቱም ባለቤታቸውን ያናድዳሉ። የአንዱ ምክንያት ግን ሊቲየምና ሙቀት ነው፤ የሌላው ምክንያት በአንድ ሩቅ አገር ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ለዚህ ሞዴል ከእንግዲህ አንሠራም ብለው የወሰኑት ውሳኔ ነው። ሊቲየም አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል። ሥነ ምግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለወሰኑትም ሰዎች ፍትሕ እንድናደርግ ይገባል። አሮጌ ሶፍትዌር ሌባ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹን ለሁልጊዜ መድፈን ሰውና ገንዘብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የሆነውንም እናስታውስ። አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በሶፍትዌር ሆን ብሎ እንደሚያዘገይ አመነ። ምክንያቱ በሙያ ዓይን እውነተኛ ነበር፤ ባትሪ ሲያረጅ የውስጥ መቋቋሙ ስለሚጨምር፣ ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ይጠፋል። ማዘግየቱ ከድንገተኛ መጥፋት ይጠብቀዋል። እኔም ብሆን ሳላዘገየው አልቀርም ነበር። ኃጢአቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ለባለቤቱ አልተነገረውም። በ79 ዶላር ይቀየር የነበረ ባትሪ ችግሩን ሲፈታለት፣ ሰውየው ስልኩ ያለቀለት መስሎት አዲስ ገዛ። ነገሩ ከታወቀ በኋላ ኩባንያው የባትሪውን ዋጋ ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ ለደንበኞች ባለመናገሩ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት አስከፈለው። አንድን ነገር ከዘመኑ በፊት እንደሞተ አስመስሎ ለባለቤቱ ማሳየት በማንኛውም ሕግ ሐሰት ነው።

ይህ የሻጩ ወገን ነው። የገዢው ወገን ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ የምንሰማው ትምህርት ተጣምሞ ተቀምጧል። ስለ ዕቃ ዕድሜ ስናገር ምእመናን ወዳጆቼ «ዓለም አላፊ ናት፤ ለዕቃ ምን ያስጨንቅሃል? ሲያረጅ ጥለህ ሌላ መግዛት ነው» ይሉኛል። ይህን የሚሉት እንደ መንፈሳዊ ሰው ምክር ነው። እኔ ግን ዓለምን በእርግጥ የናቁትን ሰዎች አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚህ አይኖሩም። መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ፣ ፊልክስዩስ፣ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ የሚያሠለጥኑት ሰው ዕቃን ከልቡ እንዲያወጣ ነው። ያ ሰው ዕቃን ከልቡ ካወጣ በኋላ ምን ያደርጋል? አንዲት ቀሚስ እየጣፈ ዕድሜውን በሙሉ ይለብሳል። የተሰነጠቀ ቅሉን በክር ሰፍቶ ውኃ ይጠጣበታል። ዕቃን የማይወድ ሰው ዕቃው እስከ መጨረሻው ያገለግለዋል፤ ምክንያቱም ከእሱ የሚፈልገው አገልግሎቱን ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚቀይረው ዕቃን የሚወደው ነው። እሱ የሚወደው አዲስነትን ነውና፣ አዲስነት ደግሞ ከካርቶኑ በወጣ በማግስቱ ያልቃል። ሱቄ ውስጥ ስልካቸውን ከሁሉ አብልጠው የሚያደንቁት፣ በሁለት ካቨርና በሦስት ግላስ የሚሸፍኑት፣ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ቀድመው የሚሸጡትም እነዚያው ናቸው። ምናኔንና መጣልን አንድ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በመንገዳቸው ፍጹም ተቃራኒ ናቸው።

ይህን ሐሳብ ለየኔታ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን አርጅተዋል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ አላቸው፤ ከሠርክ ጸሎት በኋላ እደውልላቸዋለሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፤

«ልጄ፣ መልካም ተናግረሃል። ግን ተጠንቀቅ። ዕቃን እንደ በሽተኛ ማስታመምም መውደድ ይሆናል። የሚጥለው በአንድ በኩል ሲወድቅ፣ አንተ በሌላው በኩል እንዳትወድቅ።»

«የኔታ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ዳዊትዎ፣ እኛ ሳለን ጀርባውን ያሰፉት፣ አሁንም አለ?»

«አለ እንጂ። ማኅደሩን ባለፈው ዓመት ደግሜ አሠርቼዋለሁ።»

«እንግዲህ እርስዎም አስታመሙት ማለት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔ እኮ ከመምህሬ ነው የተረከብሁት» አሉ። «ለሚቀጥለው ሰው አስረክበዋለሁ። የእኔ ቢሆን ኖሮ እንዳልከው ይሆን ነበር።»

ከዚያን ቀን በኋላ ሐሳቤ ጸዳ። ጥበቃን ከፍቅረ ንዋይ የሚለየው የሚቀጥለው ሰው ነው። ለራሴ ብቻ ብዬ የማስታምመው ነገር ሊያስረኝ ይችላል፤ በእኔ በኩል ለሚያልፍለት ሰው ብዬ የማስታምመው ግን አደራ ነው። በዓድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠሩ ታውቋል። ይህን ያህል ዘመን የቆዩት ብራና ስለማያረጅ አይደለም። ብራና ያረጃል፤ እርጥበት ያጣምመዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ቀለሙ ይረግፋል። የቆዩት በየዘመኑ የተረከቧቸው መነኮሳት፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሰዎች፣ ገጹን እያስተካከሉ፣ ስፌቱን እያደሱ፣ ለሚቀጥለው ሲሰጡ ስለኖሩ ነው። የአገራችንን የብራና መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ሌላም ያያል፤ ቆዳው ሲፋቅ የተቀደደ ከሆነ ጸሐፊው አይጥለውም፤ ቀዳዳውን በክር ይሰፋና ፊደሉን በዙሪያው ይጽፋል። ጉድለቱን ከነጉድለቱ ወደ ሥራ ያስገባዋል።

ስልክ ግን ወንጌል አይደለም። 1,500 ዓመት እንዲቆይ አልጠይቅም፤ ኬሚስትሪውም አይፈቅድለትም። እያንዳንዱ ፍጡር ልኩ የሆነ ዕድሜ አለው፤ የቢራቢሮ ዕድሜ ማጠሩ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ልኩ ሳይደርስ ሲቆረጥ ነው። በእጄ ካለፉት ስልኮች ተነሥቼ ብናገር፣ በደንብ የተሠራ ስልክ፣ ባትሪው አንድ ሁለቴ ከተቀየረለት፣ አሥር ዓመት ለመሥራት የሚያንሰው ነገር የለም። ሰሌዳው ላይ ያለው ብየዳና ቺፕ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት መሳቢያ ውስጥ የሚገባው ስልክ አላረጀም፤ ሰባት ዓመት ተነጥቋል። የተነጠቀውም ከእሱ ብቻ አይደለም። አንድ ስልክ በዘመኑ ሁሉ በምድር ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚደርሰው ገና ሳይሸጥ፣ ማዕድኑ ሲቆፈርና ፋብሪካው ሲሠራ ነው። ኮንጎ ውስጥ ለኮባልት የወረደ ቆፋሪ ላቡን የሰጠው ለአሥር ዓመት አገልግሎት መሆን ሲገባው፣ እኛ በሦስት ዓመት ጨርሰነዋል። ላቡ ግን አንድ ጊዜ ወጥቷል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ እኔም ራሴ ብዙ ያደርሁበት ነው። በእኛ አገር ሰው ስልኩን የሚያቆየው በጽድቅ ሳይሆን በችግር ነው ይባላል። እውነት ነው። ከዋሽንግተን የመጣ ስልክ ለታላቅ ወንድም ይደርሳል፤ ከእሱ ለታናሽ እኅት፣ ከእሷ ደግሞ ገጠር ላለው አባት። እኔ ዘንድ የሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹ ሦስተኛና አራተኛ እጅ ናቸው፤ በእያንዳንዱ እጅ የተለጠፈባቸው ነገር አለ። ይህን ሰንሰለት እወደዋለሁ፤ የኔታ ስለ ዳዊታቸው የነገሩኝ ነገር ሰንሰለቱ ውስጥ አለ። ነገር ግን ላሞካሸው አልችልም። አንድ ጊዜ ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች፤ ባትሪው ብቻ ነበር የደከመው። ይቀየርልሽ፣ ገና ብዙ ይሠራል አልኋት። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ የሰው አሮጌ ስለብስ፣ የሰው አሮጌ ስይዝ ነው የኖርሁት። አንድ ጊዜ አዲስ ልያዝ» አለችኝ። ምንም አልመለስሁላትም። እውነቷን ነበር። ለእሷ አዲሱ ስልክ ከንቱ ውዳሴ አልነበረም፤ በሰው ቤት የተነፈገችው ክብር ነበር። የጥበቃን ግዴታ ሌላ ምርጫ በሌለው ሰው ትከሻ ላይ መጫን ራሱ ግፍ ነው። ጾም የሚበላው ለሌለው ሰው አይታወጅም።

ስለዚህ የምከራከረው ከእሷ ጋር አይደለም። የምከራከረው ምርጫ ካላቸው ጋር ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከሚሠሩት ጋር። እዚያ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል። ጉግል በ2023 በፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 በጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት የሶፍትዌር ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ለሚሸጡ ስልኮች ባወጣው ደንብ፣ ባትሪው 800 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ካለቀ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዝ፣ መለዋወጫው ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት እንዲገኝ፣ ሶፍትዌሩም ለአምስት ዓመት እንዲታደስ ግድ ሆኗል። ይህን ያደረገው የአማኞች ጉባኤ አይደለም፤ የንግድና የአካባቢ ሕግ አውጪዎች ናቸው። ያም ሆኖ ለሚቀጥለው እጅ ማሰብን ሕግ ማድረጋቸው ነው፤ የሚቀጥለው እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ ነው። ብራስልስ የተፈረመው የሰባት ዓመት መለዋወጫ ያ ስልክ አራተኛ እጅ ሆኖ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ይጠቅመው ይሆናል።

በእኛ እጅ ያለውስ? ከሁሉ የሚከብደው የስልኩ እውነተኛ መጨረሻ ነው። በ2022 በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በአግባቡ መሰብሰቡና እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ቆራሌው ብረቱንና ፕላስቲኩን በየሰፈሩ ይሰበስባል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ኩራዝ ይሆናል። ያ ሰፈር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ምንም ነገር ከንቱ ሆኖ አይቀርበትም። ስልክ ግን ለመዶሻ አይታዘዝም። ባትሪው ከተወጋ ይነዳል፤ ሰሌዳው ቢቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ስለዚህ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉት አጥተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እዚያም ባትሪው በጨለማ ያብጣል።

እኔ አንድ ነገር አስባለሁ። የየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለተቸገሩ ልብስ ይሰበስባሉ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ለስልክም ቦታ ይኑረው። የሚሠራው ስልክ መረጃው ተሰርዞ፣ ባትሪው ተቀይሮ፣ ስልክ ለሌለው ተማሪ ይሰጥ። የማይሠራው ተፈትቶ ስክሪኑ፣ ካሜራው፣ መሰኪያው ሌሎችን ይጠግን፤ ሱቄ ውስጥ ከቀየርኋቸው ክፍሎች ብዙዎቹ ከሞተ ስልክ የወጡ ናቸው፤ በሕያዉ ውስጥ ዓመታት ሠርተዋል። ያበጠው ባትሪ ለብቻው፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ይቀመጥና በአግባቡ ለሚያስወግድ ወገን ይሰጥ። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቂት መፍቻና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሐሳቡን ለደብራችን አለቃ አቅርቤያለሁ። እሺ ካሉ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቄ ዝግ ስለሆነ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ።